ጫት ወደ ውጭ አገር፦ እርጥቡ፣ ደረቁ፣ ዘሩ ወይስ ችግኙ? የሕግ አደጋቸው ሲነጻጸር

ጫት ይዞ ከአገር ለመውጣት ወይም በሚኖርበት አገር ለመትከል ለሚያስብ ሰው ምርጫው ብዙ አይደለም። እርጥቡን በሻንጣ ይዞ መሄድ፣ ደረቁን በፖስታ ማስላክ፣ ዘሩን ወይም ችግኙን ወስዶ ጓሮ መትከል፣ አለዚያም ጨርሶ ትቶት መሄድ ነው። ችግሩ ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው በወሬ መሆኑ ነው። «ከደረቀ ሻይ ነው» ይባላል። «ሦስት ቀን ካለፈው ምንም የለበትም» ይባላል። «ዘር እኮ ዘር ነው» ይባላል። ከሦስቱ የመጨረሻው ግማሽ እውነት አለው። ሁለቱ ግን ሰው ያሳስራሉ።

(ዓመተ ምሕረት በግልጽ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉ ቅጠሉን ያያል ወይስ ውስጡን?

ከዚህ ካልተጀመረ የቀረው ንጽጽር አይገባም። ለምርቃናው ዋናው ምክንያት ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ካቲን የሚባል ደካማ ዘመድም አለው። የተባበሩት መንግሥታት የ1971 የሳይኮትሮፒክ ስምምነት ካቲኖንን ከሁሉ ጥብቅ በሆነው በአንደኛው፣ ካቲንን በሦስተኛው ሠንጠረዥ ይዟቸዋል። ጫት የሚባለው ተክል ግን በስምምነቱ ውስጥ በስሙ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2006 ጉዳዩን አይቶ ተክሉ ዓለም አቀፍ ቁጥጥር አያስፈልገውም ብሏል። ስለዚህ ውሳኔው ለየአገሩ ተትቷል፤ አገሮችም በሦስት መንገድ ሄደዋል።

አንደኛው ወገን ተክሉን በስሙ ጠርቶ ይከለክላል፤ ብሪታንያና ካናዳ እዚህ ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው ተክሉን በስሙ ሳይጠራ ካቲኖንን ይከለክልና ካቲኖን ያለበትን ቅጠል ሁሉ በዚያው ይይዛል፤ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግና ጀርመን እንዲህ ናቸው። ሦስተኛው ቅጠሉን በተፈጥሮ መልኩ ፈቅዶ ከውስጡ የተጨመቀውን ይከለክላል፤ እስራኤል ጥሩ ምሳሌ ናት። ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲ፣ ኬንያና የመን ደግሞ ጫትን እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ያዩታል። እኛ ዘንድ በ2004 ዓ.ም. የራሱ ኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወጥቶለታል፤ ቁጥር 767/2004። አወዳይ ላይ ሌሊት ተጭኖ የሚወጣው ጫት ግብር የሚከፈልበት ምርት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም ከዚህ ነው፤ ደረሰኝ ያለው ነገር ወንጀል ሊሆን ይችላል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ቁጥሩን በቅርብ እንየው። በአንድ ታዋቂ የላቦራቶሪ ልኬት መሠረት 100 ግራም እርጥብ ጫት በአማካይ 36 ሚሊግራም ካቲኖንና 120 ሚሊግራም ካቲን ይዞ ተገኝቷል። ካቲኖኑ በብዛት ያለው በለጋው ቀንበጥ ላይ ነው፤ ቅጠሉ ሲጠና ወደ ካቲን እየተለወጠ ይሄዳል። ከተቀጠፈ በኋላም ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ይወርዳል። ነጋዴው ዙርባውን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ውኃ የሚረጨው፣ መኪናውም ነፍሱን ሸጦ የሚበረው ለዚህ ነው። «ሦስት ቀን ካለፈው ምንም የለበትም» የሚለው ወሬም የተወለደው ከዚሁ ነው፤ ለቃሚው ልክ ነው፣ ለላቦራቶሪ ግን አይደለም። ምርቃናው ጠፋ ማለት ካቲኖኑ ዜሮ ሆነ ማለት አይደለም። የላቦራቶሪ ማሽን ለመቃም የማይበቃውን ትንሹን መጠን ያገኘዋል፤ በብዙ አገር ደግሞ ወንጀሉ የሚመሠረተው በመገኘቱ እንጂ በብዛቱ አይደለም።

እርጥቡ በሻንጣ

ከሁሉ የከፋው ምርጫ ይህ ነው፤ ግን ሰው በብዛት የሚሞክረው ይህንኑ ነው።

አንደኛ፣ ራሱን ያጋልጣል። ጥብቅ ብሎ የታሰረ እርጥብ ቅጠል በኤክስሬይ ላይ እንደ ልብስ አይታይም፤ እንደ ምግብና እንደ ተክል ሁሉ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ጥቅጥቅ ያለ ነገር ሆኖ ይወጣል። ሻንጣው ሲከፈት ኮባው፣ እርጥቡ ጋዜጣና ሽታው ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋቸውም። ከአዲስ አበባ፣ ከናይሮቢና ከቴል አቪቭ የሚመጡ በረራዎችን የሚቀበል የጉምሩክ ሠራተኛ ደግሞ ጫትን ጎመን ነው ብሎ አያልፍም።

ሁለተኛ፣ አንዱ ሻንጣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሕግ ይጥሳል። አንዱ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ነው። ሌላው ሰው የሚረሳው የዕፅዋት ጤና ሕግ ነው። ወደ አውሮፓ ኅብረት በሻንጣ የሚገባ ማንኛውም ትኩስ ተክል ከዲሴምበር 14 ቀን 2019 ጀምሮ የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ይጠየቃል። ነጻ የተደረጉት አምስት ፍሬዎች ብቻ ናቸው፦ አናናስ፣ ኮኮናት፣ ዱሪያን፣ ሙዝ እና ቴምር። አሜሪካም እንዲሁ ማንኛውም ተክል፣ ቅጠልና ዘር በጉምሩክ ቅጹ ላይ እንዲገለጽ ታስገድዳለች፤ ለራሱ የሚሆን ትንሽ ነገር ይዞ ሳይናገር የተገኘ መንገደኛ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 1,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። «ከተናገርኩ ይወስዱብኛል እንጂ አይቀጡኝም» የሚለው አባባል ለማንጎና ለበሶ ይሠራል፤ ለጫት ግን አይሠራም። መናገር ከግብርናው ቅጣት ያድናል፣ ከዕፅ ሕጉ አያድንም።

አሜሪካ ውስጥ ካቲን ከ1988 ጀምሮ በአራተኛው፣ ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ በአንደኛው፣ ማለትም በጥብቁ፣ መደብ ውስጥ ናቸው። ቅጠሉ ላይ ካቲኖን ከተገኘ ጫቱ በሙሉ አንደኛ መደብ ይሆናል፤ ካቲን ብቻ ከተገኘ አራተኛ። ሁለቱንም ያለ ፈቃድ ማስገባት ወንጀል ነው። ለራስ ብቻ የተያዘ ቢሆን እንኳ የፌዴራሉ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ አንድ ዓመት እስራትና ከ1,000 ዶላር የማያንስ መቀጮ ይደነግጋል። ከውጭ ማስገባት የተባለ እንደሆነ ደግሞ ለአንደኛ መደብ ጣሪያው 20 ዓመት ነው። ለአንድ ዙርባ 20 ዓመት የሚፈርድ ዳኛ አይጠበቅም። ቁጥሩ የሚጠቅመው ዐቃቤ ሕጉ ድርድሩን ከየት እንደሚጀምር ለማወቅ ነው።

ብሪታንያ ከጁን 24 ቀን 2014 በፊት ጫት በሕግ ይገባባት ነበር፤ ስለዚህ ለንደን ውስጥ የድሮውን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ምክር መስማት ከሁሉ ያሳስታል። ዛሬ የሲ ምድብ (ክላስ ሲ) የተከለከለ ዕፅ ነው። መያዝ እስከ 2 ዓመት፣ ማከፋፈልና ማስገባት እስከ 14 ዓመት ያስቀጣሉ። ፖሊስ ለራሱ መጠቀሚያ የያዘ አዋቂ ሲያገኝ ደረጃ ያለው አሠራር አለው፦ በመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ፣ በሁለተኛው የ60 ፓውንድ ቅጣት፣ በሦስተኛው መታሰር። ይህ ግን የመንገድ ላይ አሠራር ነው። ሂትሮው ላይ በሻንጣ የተያዘ ሰው የሚጠየቀው በመያዝ ሳይሆን በማስገባት ስለሆነ «የመጀመሪያዬ ነው፣ ማስጠንቀቂያ ይሰጡኛል» ብሎ መሄድ ሁለት የተለያዩ ሕጎችን ማደባለቅ ነው።

ጀርመን ውስጥ ስሌቱ በካቲኖን ግራም ነው። የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2004 «ትንሽ ያልሆነ መጠን» የሚባለውን ወሰን 30 ግራም ካቲኖን ላይ አስቀምጧል። ከላይ ባለው አማካይ ሲሰላ 83 ኪሎ ገደማ እርጥብ ጫት ይሆናል። ከዚያ በታች ያለው ነጻ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ወሰኑ የሚለየው ዝቅተኛ ቅጣት ያለውን ከባድ ወንጀልና ተራውን ነው። ጀርመን ለሌላም ነገር መታወቅ አለባት። በአገሯ አልፎ ወደ ሌላ የሚሄድ ዕፅ ማሳለፍም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን የሚቀይር ሰው ሻንጣው ጀርመንን አይነካም ብሎ ማሰብ የለበትም።

ስዊድንና ኖርዌይ ከ1989 ጀምሮ፣ ኔዘርላንድስ ከ2013 ጀምሮ ከልክለዋል። ከኔዘርላንድስ እገዳ በፊት ስኪፖል የአውሮፓ የጫት መናኸሪያ ነበር፤ ስለዚህ «በሆላንድ በኩል» የሚለው የድሮ መንገድ ዛሬ የለም።

ካናዳ ከሌሎቹ ትለያለች። ተክሉ ራሱ በስሙ በአራተኛው ሠንጠረዥ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን በዚያ ሠንጠረዥ ላሉት ነገሮች ለራስ መያዝ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ማስገባትና መሸጥ ግን እስከ 3 ዓመት ያስቀጣሉ። ቶሮንቶ ላይ ሰው እየቃመ አይቶ «እዚህ የተፈቀደ ነው» ብሎ ከአዲስ አበባ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚያዘው በዚህ ክፍተት ነው። ቃሚው አልተጠየቀም፤ አምጪው ይጠየቃል።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ሳዑዲ ዓረቢያና ኤምሬትስ ጫትን ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር ነው የሚያዩት። ለቤት ሠራተኛ ወይም ለቀን ሠራተኛ ትንሹ መዘዝ እንኳ ሥራውን፣ ኢቃማውንና የመመለስ ዕድሉን በአንድ ቀን ማጣት ነው። በዱባይ ለሚያልፍ መንገደኛም ያው ነው።

ደረቁ በፖስታ

ደረቅ ጫት ሁለት የማታለያ ገጽታ አለው፤ ሻይ ይመስላል፣ ደግሞም አያረጅም። ሰው ከእርጥቡ የሚመርጠውም በዚህ ነው። ከሕግ አንጻር ግን አንድም ነገር አይቀንስም፤ አንዳንዴም ይጨምራል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ካቲኖንን የሚያጠፋው ቅጠሉ በእርጥበቱ ቀስ ብሎ መጠውለጉ ነው። ቶሎ የደረቀ ቅጠል ግን ካቲኖኑን አቅፎ ይቆያል። የወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪዎች የተያዘውን ጫት ማስረጃው እንዳይጠፋ ራሳቸው አድርቀው ያስቀምጡታል፤ በደረቀ ናሙና ላይ ካቲኖን ከዓመታት በኋላም ተገኝቷል። ስለዚህ አድርቆ የላከ ሰው ማስረጃውን ራሱ አቆይቶ ላከ ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ወረቀቱ ነው። ፖስታው ላይ «ሻይ»፣ «ሞሪንጋ» ወይም «ሂና» ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ በዕፅ ላይ የሐሰት የጉምሩክ መግለጫ ይደረባል። ከዚያም በላይ፣ ያ ጽሑፍ «አላውቅም ነበር» የሚለውን መከራከሪያ ይገድለዋል። የሚያውቅ ሰው ካልሆነ ስሙን ለምን ይቀይራል?

ሦስተኛ፣ ፖስታ የሚያጠምደው ላኪውን ብቻ ሳይሆን ተቀባዩን ነው። የተያዘ ጥቅል ሁልጊዜ አይወረስም። ፖሊስ ራሱ በፖስተኛ ስም አድርሶ ፈርሞ የተቀበለውን ሰው ሊይዝ ይችላል። ለእናት ወይም ለአጎት በስማቸው ማስላክ አደጋውን ወደ እነሱ ማዞር እንጂ መሸሽ አይደለም።

በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ውስጥ ስለ ማወቅ የነበረው ክርክር እዚህ ላይ ሊነሳ ይገባል፤ ብዙ ሰው ግማሹን ብቻ ሰምቷልና። ተክሉ በፌዴራሉ ሕግ በስሙ ስለሌለ፣ ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹ ጫቱ ውስጥ ቁጥጥር የሚደረግበት ነገር እንዳለ ማወቁን ማስረዳት አለበት። በ2005 የ6ኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህ በበቂ አልተረጋገጠም ብሎ የጥፋተኝነት ፍርድ ሽሯል። ይህን የሰማ ሰው «አላውቅም» ማለት ያድናል ይላል። ነገር ግን ሁለት ዓመት ቀድሞ የ1ኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ከፖስታ ጥቅል ጋር በተያያዘ ጉዳይ ላይ ከሁኔታው ማወቁ ይገመታል ብሎ ፍርዱን አጽንቷል። ካቲኖን የሚለውን ቃል ማወቅ አያስፈልግም፤ የተከለከለ ነገር እንዳለበት ማወቅ ይበቃል። የሐሰት ስም፣ የተደበቀ አጠቀላለል፣ ለመውሰድ የተከፈለ ገንዘብ፣ በስልክ «ዕቃው» እየተባለ የተላከ መልእክት ይህን ማወቅ ያሳያሉ። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰውም ከእንግዲህ አላውቅም ማለት አይችልም!

ዘሩ እና ችግኙ

«ዘር እኮ ዘር ነው» የሚለው ግማሽ እውነቱ ይኸው። የብሪታንያ ሕግ የሚከለክለው የተክሉን ቅጠል፣ ግንድና ቀንበጥ ነው፤ ዘር አልተጠቀሰም። ካቲኖንን በሚከተሉ አገሮችም ዋናው ነገር የሚገኝበት ቀንበጡና ቅጠሉ ነው። ስለዚህ በዕፅ ሕግ ብቻ ሲታይ ከአራቱ ምርጫዎች ዘር ቀላሉ ነው።

ቀላልነቱ ግን የሚቆየው እስኪበቅል ነው። የብሪታንያ ሕግ «ማምረት» ሲል ማልማትንም ይጨምራል። የአሜሪካ ሕግም መትከል፣ ማብቀልና መቁረጥን ሁሉ በ«ምርት» ትርጉም ውስጥ ያስገባል። መያዝና ማምረት በቅጣት አይመሳሰሉም፤ ብሪታንያ ውስጥ 2 ዓመት ወደ 14 ዓመት የሚዘለው እዚህ ላይ ነው። ዘሩን የገዛ ሰው ያልጣሰውን ሕግ ተክሉን ውኃ ሲያጠጣ ይጥሰዋል ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለጌጥ የሚሸጥ የጫት ተክል ማየት ይቻላል፤ ሻጩ አለመጠየቁ ግን ለገዢው ፈቃድ አይሆንም። ቅጠሉ ተቀጥፎ ላቦራቶሪ ከገባ የማሰሮው ውበት አያከራክርም።

ሌላው የተግባር እውነት፣ እኛ ዘንድ ገበሬ ጫትን የሚያባዛው ከዘር ሳይሆን ከግንዱ በሚወጣው ቡቃያና በተቆረጠ ቅርንጫፍ ነው። ለቀማ ለመድረስም ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋል። ዘር ይዞ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይሳካለት «ችግኝ ላምጣ» ወደሚለው ይሻገራል፤ ያን ጊዜ አደጋው ሁሉ ተሰብስቦ ይመጣል። ችግኝ ቅጠል አለው፤ ስለዚህ ዕፅ ነው። ሥርና አፈር አለው፤ ስለዚህ በኳራንታይን ሕግ ከሁሉ የከፋው ነው። አፈር በሽታና ትል ስለሚይዝ አብዛኛው አገር ከአፈር ጋር የመጣ ተክል አያስገባም።

ዘርም ቢሆን ከኳራንታይን አያመልጥም። አሜሪካ ትንንሽ የዘር ጥቅሎችን ያለ ሰርተፍኬት የምታስገባበት ልዩ ፈቃድ አላት፤ በጥቅል እስከ 50 ፍሬ ወይም እስከ 10 ግራም። ፈቃዱ ግን ቀድሞ በግብርና መሥሪያ ቤቱ መወሰድ አለበት፤ ጥቅሉ ላይ የዝርያው ሳይንሳዊ ስምም መጻፍ አለበት። ማለትም በሕጋዊው መንገድ የሚሄድ ሰው የተክሉን ስም ራሱ ጽፎ ያስረክባል። ሌሎቹ ዘሮች ላይ ምንም ችግር የማይፈጥረው ይህ መስፈርት ጫት ላይ ጥያቄ ያስነሳል።

ለዕፅዋት ጥናት ወይም ለዩኒቨርሲቲ ሥራ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። ተቋሙ የምርምር ምዝገባና የማስገቢያ ፈቃድ ያወጣል፤ ከኢትዮጵያ ወገን ደግሞ የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ከግብርና ባለሥልጣን ይወሰዳል፤ ዘረመል ወደ ውጭ ለማውጣትም የራሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ግለሰብ በራሱ ስም ይህን መንገድ አይጨርሰውም።

እስራኤል ለብቻዋ

እስራኤል ውስጥ የሚኖር አንባቢ ከላይ ያለውን በሙሉ አንብቦ «እኛ ገበያ ላይ እንገዛው የለም እንዴ» ሊል ይችላል። ልክ ነው። «ጋት» በተፈጥሮ መልኩ መቃም፣ መትከልና መሸጥ ይቻላል፤ ከየመን የመጡት አይሁድ ይዘውት የመጡት ልማድ ነው። የተከለከለው የተጨመቀው ካቲኖን ነው፤ «ሐጊጋት» የሚባለው እንክብል በ2004 የተከለከለው በዚህ ነው። ስለዚህ እዚያ ላለ ሰው ከሁሉ የሚሻለው ምርጫ ግልጽ ነው፦ እዚያው የበቀለውን መግዛት ወይም ጓሮው መትከል። ከኢትዮጵያ ችግኝ ወይም ዙርባ ማምጣት የማያስፈልገውን የግብርና ኳራንታይን ጥያቄ መጥራት ነው።

ትልቁ ወጥመድ ሲወጡ ነው። ጠዋት ከሱቅ በደረሰኝ የተገዛ ነገር ከሰዓት በኋላ ለንደን ላይ የሲ ምድብ ዕፅ ነው። ወጣቶችን «ቲኬትህ በእኛ፣ ሻንጣውን ብቻ አድርስ» እያሉ የሚልኩ ሰዎች የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ልጁ በእስራኤል ወንጀል ሠርቶ አያውቅም፤ የመጀመሪያ ክሱ በውጭ አገር ቋንቋ ይነበብለታል።

ከእስሩ ይልቅ ወረቀቱ

ዜጋ ላልሆነ ሰው ንጽጽሩ እዚህ ላይ መልኩን ይቀይራል። አንድ ዙርባ ይዞ የተገኘ ሰው አሜሪካ ውስጥ አንድም ሌሊት ላይታሰር ይችላል። ግሪን ካርዱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አደጋ ላይ ነው። የኢሚግሬሽን ሕጉ ማንኛውም ቁጥጥር ከሚደረግበት ዕፅ ጋር የተያያዘ ጥፋተኝነት ለመባረር በቂ ነው ይላል። አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ አለ፤ ለራስ የተያዘ እስከ 30 ግራም ማሪዋና፣ አንድ ጊዜ። ጫት እንዲህ ያለ የግራም ወለል የለውም።

ይህ ደግሞ ሌላ ንጽጽር ያስነሳል፤ የዋሽንግተን አካባቢና የሚኒሶታ ሰው የሚጠይቀው። ዲሲ ውስጥ አንድ አዋቂ እስከ 6 የካናቢስ ተክል፣ ከነዚህ ያበበው እስከ 3፣ መያዝ ይችላል። ቨርጂኒያ በቤት 4፣ ሜሪላንድ 2፣ ሚኒሶታ 8 ትፈቅዳለች። ጫት ግን አንድም ተክል የፈቀደለት የለም። በክፍለ ግዛት ሕግ ሲለካ ካናቢሱ የቀለለ ይመስላል። ለዜግነት የሚያመለክት ሰው ግን ሁለቱንም ቢተው ይሻለዋል፤ የኢሚግሬሽን አገልግሎቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ክፍለ ግዛቱ ቢፈቅድም ከማሪዋና ጋር የተያያዘ ድርጊት የፌዴራል ሕግ ጥሰት ስለሆነ «መልካም ጠባይ» የሚለውን መስፈርት ሊያሳጣ ይችላል። በበረንዳ ላይ ማሰሮ ይዞ የተነሱት ፎቶም ያናግራል። በተቃራኒው መንገድ፣ የካናቢስ ዘር ወይም ከረሜላ ይዞ ወደ ቦሌ የሚመጣ ሰው ከ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ጋር ይገናኛል። አንቀጹ ያለ ፈቃድ መትከልንም ማስገባትንም በጽኑ እስራት ያስቀጣል። ሻሸመኔን በስም የሰማ ሰው የተፈቀደ ይመስለዋል፤ አይደለም።

ብሪታንያ ውስጥ 12 ወርና ከዚያ በላይ የተፈረደበት የውጭ ዜጋ መባረር በሕግ የተጻፈ ውጤት ነው። ካናዳ ውስጥ ቋሚ ነዋሪነት ያላገኘ ሰው በማስገባት ጥፋተኛ ከተባለ አገሩ መግባት የማይችል ይሆናል።

ከተያዘ በኋላ የሚሠሩ ስህተቶች

ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚጎዳው ሻንጣው ከተከፈተ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ነው። አሜሪካ ላይ ጥፋተኛ ሳይባሉ የዕፅ ወንጀል ፍሬ ነገሮችን ማመን ብቻውን ወደ አገሩ ከመግባት ለመከልከል ይበቃል። ስለዚህ «እውነቱን ብናገር ይራሩልኛል» ብሎ ስለ ስንት ጊዜና ለማን እንዳመጣ በዝርዝር አስረድቶ መፈረም፣ ምንም ክስ ባይመሠረት እንኳ በፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። መዋሸትም ሌላ ወንጀል ነው። መካከለኛው መንገድ ስምን፣ አድራሻንና ዜግነትን በትክክል ተናግሮ ለቀረው ጥያቄ ጠበቃ መጠየቅ ነው። አስተርጓሚም ይጠየቅ፤ «ጫት እወዳለሁ» እና «ጫት እነግዳለሁ» በተሰበረ እንግሊዝኛ ሊቀራረቡ ይችላሉ።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው «ይህን ፈርመህ ተመለስ፣ ጣጣው ያልቃል» ተብሎ ፎርም አይ-407 ቢቀርብለት፣ የሚፈርመው ነዋሪነቱን በራሱ ፈቃድ እንደ ተወ መሆኑን ይወቅ። አልፈርምም ብሎ ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት እንዲታይ የመጠየቅ መብት አለው።

ፍርድ ቤት ሲደርስ ደግሞ ዋናው ወጥመድ ጣፋጩ ስምምነት ነው። «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ስድስት ወር ጠባይህ ታይቶ መዝገቡ ይዘጋል» የሚለው ውል በክፍለ ግዛቱ ዓይን እንደ ነጻ መውጣት ነው። በኢሚግሬሽን ሕግ ግን ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ማመንና የትኛውም ዓይነት ግዴታ መጣሉ ከተገናኙ ጥፋተኝነት ነው፤ መዝገቡ ቢዘጋም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ2010 ጀምሮ የወንጀል ጠበቃ ስለ መባረር አደጋ ለደንበኛው የመናገር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ስለዚህ ጠበቃው ዝም ካለ ይጠየቅ፦ «ይህን ብፈርም ግሪን ካርዴ ምን ይሆናል?» መልሱም በጽሑፍ ይወሰድ። ጫቱ ውስጥ የተገኘው ካቲኖን ነው ወይስ ካቲን ብቻ፣ ላቦራቶሪው መቼ መረመረው፣ እስከዚያስ በምን ሁኔታ ተቀመጠ የሚለውም መጠየቅ አለበት፤ መደቡ ከአንደኛ ወደ አራተኛ የሚወርደው በዚህ ወረቀት ላይ ነው።

የሌላ ሰው ሻንጣ

ከአራቱ ምርጫዎች ውጭ ያለ አምስተኛ አለ፤ የማይመረጥ ግን የሚደርስ። ቦሌ ላይ ኪሎ የቀረው መንገደኛ ተፈልጎ «ለእናቴ በርበሬና ሽሮ ነው» ይባላል። በርበሬው እውነት ነው፤ ከሥሩ ግን ዙርባ አለ። የሻንጣው ትኬት ቁጥር በማን ስም እንደ ተለጠፈ ነው የሚታየው። ዕቃ መቀበል ግድ ከሆነ መንገደኛው በራሱ እጅ ከፍቶ፣ አንድ በአንድ አውጥቶ፣ ላኪው ባለበት ፎቶ አንስቶ እንደገና ማሸግ ነው። «ምነው አታምነኝም?» የሚል ላኪ ዕቃው ይመለስለት። የላኪው ስም፣ ስልክና የላከው መልእክትም ሳይጠፋ ይቀመጥ፤ ከላይ የተነገረው የማወቅ ክርክር ሲመጣ ከመንገደኛው እጅ ያለው ማስረጃ እሱ ብቻ ነው።